ሰባተኛው እርከን

እኔ ገመድ ሳቢ ነበርኩ፣ ቶሌዶ፣ «ኦርየንት» ቤት፣
መጋረጃ ከፋች ዘጊ፣ በቀን ሦስቴ፣ ሲያሻቸው አራት።
ብዙ አየሁ፤ ውሻ ሲደምር፣ ጎልማሳ እሳት ሲውጥ፣
አልቃሽ ዘፋኝ ከመድረክ ጓሮ ቆማ ሽንኩርት ስትልጥ።
ኦርሚን ግን ከጎን ነው ያየሁት፣ ሕዝቡ ከፊት ሲያየው፤
ከጎን የታየ ሰው ደግሞ ምን አለው የሚሰውረው?

ኦርማን ስታኮቭስኪ ነው፣ ስክራንተን፣ ከሰል አገር፤
አባቱ በመሰላል ወርዶ ሳይወጣ የቀረ ነበር።
ልጁ መሰላል ወረሰ፤ ስሙ ግን ሰሌዳው ጠብቦት፣
ከወገቡ ቆርጠው ጣሉና «ስታክ» ይበቃሃል አሉት።

ሥራው ይኸው ነው፦ ከላይ አንድ አምፖል ተቃጥሎ ጠፍቷል፤
ሚስቱ ዴልፊን ሹራብ ይዛ ተቀምጣለች፤ እሱ ይመጣል
አሥራ አንድ እርከን ተሸክሞ። ሰባተኛው መጋዝ ቀምሶ
በሙጫና በጸሎት ነው የቆመው፣ ቀለም ለብሶ።
ይወጣል፤ ኮቱ ይያዛል። ይወርዳል፤ አምፖሉን ረስቷል።
ይወጣል፤ ባርኔጣው ይወድቃል፤ ሊይዘው ሲል መሰላሉን ይስታል።
ሰባተኛው ላይ፣
ቀጭ!
ዓይኗን ከክሯ ሳትነቅል «ገና ነው?» ትለዋለች።
ቤቱ በሳቅ ይናዳል። እሷ ሹራቧን ትሠራለች።

ይኸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት። ኤሪ፣ ዴይተን፣ ፎርት ዌይን፤
ከሸሚዙ ሥር በጨርቅ የታሰረ፣ ሦስቴ የተሰበረ ጎን።
ባቡር ላይ ተቀምጦ ማደር፣ ለመሰላሉም ኪራይ፣
«ውሻና ተዋናይ አንቀበልም» የሚል ጽሑፍ ሆቴል በራፍ ላይ።
አለቃው ሚስተር ግሪምሾ ሰኞ ሰኞ ፖስታ ይልካል፣
ሰማያዊ፤ ነውር የሸተተውን ቀልድ በቀይ ቀለም ይሰርዛል።
የኦርሚ ፖስታ ባዶውን መጣ። ያኔ ብቻ ሲስቅ አየሁት፦
«ያለን ሁለት ቃል ነው፤ እሱም የሚስቴ፤ የቱን ሊሰርዙት?»

የገና ሳምንት ነበር። ውጭ በረዶ፣ መስኮቱ ሁሉ ሻማ።
ዴልፊን በሳንባ ምች፣ ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ።
እሱ ማታ መጣ።
«ልተወው?» አልኩ ገመዱን ይዤ።
«ክፈት» አለኝ።
ወንበሩን ከቦታው አኖረ፣ ያልተጨረሰውን ሹራብ በላዩ።
ወጣ። ኮቱ ተያዘ። ባርኔጣው ወደቀ።
ቀጭ!
ወለሉ ላይ እንደተዘረረ ወደ ወንበሩ ዞረ፤
ጠበቀ።
ገና መጣ፤ «ገና ነው?» ባይ ጠፋ።
ሕዝቡ ዝምታውን አየ፤ አዲስ ቀልድ መሰለው፤
እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳቁ እጄ ላይ ያለውን ገመድ ነቀነቀው።
ግሪምሾ በነጋታው፦ «ያ ዝምታ ግሩም ነው። እንዲሁ ይቀጥል።»
ቀጠለ። አራት ዓመት።

ከዚያ ሸራው መናገር ጀመረ።
መድረኩን በነጭ ጨርቅ ጋረዱት፣ ገመዴን ለጀልባ ሰው ሸጡት፤
እኔን ትኬት ቀዳጅ፣ ኦርሚን አምፖል ቀያሪ አደረጉት።
ሁለት መቶ አርባ አምፖል፣ ከደጅ፣ በፊልሙ ስም ዙሪያ።
ሰባተኛውን በጽኑ እንጨት ተካና
ስምንተኛውን ረገጠ፤ በሕይወቱ የመጀመሪያ።
የመሰላሉን እግር ይዤ ቆሜያለሁ።
ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። አምፖሉን አዞረው። በራ።
ማንም አልሳቀ፤ መንገደኛው ባርኔጣውን ደፍቶ ያልፋል በየተራ።
እሱ ግን አልወረደም።
እዚያው ላይ፣ ፊቱ በብርሃን ተጥለቅልቆ፣ ቁልቁል አየኝ፤
ጠበቀ።
ሁለቱም ቃል አፌ ላይ ነበሩ።
ዝም አልኩ።
የኔ ቃል አልነበረም።